የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ፤ ለልምምድ ባንክ ልግባ ወይስ ትንሽ የሂሳብ ቢሮ?

ሦስተኛ ዓመት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነው የምማረው። ክረምቱን ለተግባር ልምምድ እንወጣለን። ዲፓርትመንቱ የትብብር ደብዳቤ ሰጥቶናል፤ ቦታ የምንፈልገው ግን እኛው ነን። የአጎቴ ጓደኛ ባንክ ሊያስገባኝ ይችላል። ጓደኛዬ ደግሞ መርካቶ አካባቢ ትንሽ የሂሳብ ቢሮ አብረን እንግባ ትለኛለች። ቤተሰብ ባንክ እያለ ምን ሆነሽ ነው ይለኛል። በሚቀጥለው ዓመት የመውጫ ፈተና ስላለ ሌላ ጊዜ አላገኝም። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጣላችሁ?

የቦሌው፦
ባንክ ግቢ። ሲቪ ላይ ስሙ ይታያል።

እታለም፦
እህቴ፣ እኔ የሂሳብ ቢሮውን ነው የምልሽ። የባንኩን ስም አልንቅም። ግን ባንክ የደንበኛ ሂሳብ ለተለማማጅ አይከፍትም፤ ትክክልም ነው። እኔ የወጣሁበት ቅርንጫፍ ሰዎቹ ደጎች ነበሩ። ሥራዬ ግን ፎቶ ኮፒና ፋይል መደርደር ብቻ ነበር።

ትንሽ ቢሮ ክረምት ላይ ሌላ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። መዝገብ የሚይዙ ነጋዴዎች እስከ ጥቅምት 30 ግብር ማሳወቅ አለባቸው። ስለዚህ ከሐምሌ ጀምሮ ሰው ያጥራል፣ አንቺንም ያሠሩሻል። የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው የዓመት ደረሰኙን በፌስታል ይዞ ይመጣል። በየወሩ ትለያለሽ። የገዢው ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) የተጻፈበትንና ያልተጻፈበትን ለየብቻ ታስቀምጫለሽ፤ ያልተጻፈበት ለቫት ማካካሻ፣ ማለትም ነጋዴው ሲገዛ የከፈለውን ቫት ከሽያጩ ቫት ላይ ለመቀነስ፣ ችግር ያመጣል። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ቶሎ ስለሚደበዝዝ ፎቶ ኮፒ አድርገሽ ከኋላው ትሰፊያለሽ። ከዚያ የባንክ ስቴትመንቱን ከመዝገቡ ጋር ታስታርቂያለሽ፤ ሁለቱ ካልገጠሙ ለምን እንደሆነ ትፈልጊያለሽ። ተቆርጦ ገና ያልተመነዘረ ቼክ ምን እንደሆነ ያኔ በደንብ ይገባሻል። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌርም የምትለምጂው እዚያው ነው።

ደግሞ ሰው ታውቂያለሽ። ነጋዴ ሂሳብ ሠራተኛ ሲጠፋበት መጀመሪያ የሚደውለው ለሂሳብ ቢሮው ባለቤት ነው። እኔም ከተመረቅኩ በኋላ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ስሠራ አንድ አስመጪ ደንበኛችን ነው የወሰደኝ። ማንም ዘመድ አልነበረኝም። ዘመድ የሌለው ልጅ በር የሚከፈትለት በእንዲህ ዓይነት ቦታ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

የቦሌው፦
ባንክ መቀጠር ለሚፈልግስ?

እታለም፦
እሱማ ባንክ ይግባ። ግን ብድር ክፍል እንዲመድቡት ይጠይቅ። የብድር ጠያቂ ድርጅት ሂሳብ እንዴት እንደሚመረመር ማየት ከቻለ ብዙ ይማራል።

የሂሳብ ባለሙያ፦
እኔ ቢሮ አለኝ። እታለም ያለችው ልክ ነው። ልጄ፣ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ጥለሽ አትሂጂ። ሥራ አስኪያጁን ወይም ባለቤቱን ጠይቀሽ በእጁ ስጪ። ከሰኔ 30 በፊት ብትሄጂ ይሻላል፤ ሐምሌ ከገባ ቁጭ ብሎ የሚያናግርሽ አታገኚም። ኤክሴል ትንሽ ብትችዪም ንገሪው። ግብር ቢሮ ሰነድ ሲወስዱ አብሬ ልሂድ በዪ። ደመወዝ ላይኖር ይችላል። የትራንስፖርት ግን መጀመሪያውኑ ጠይቂ፣ ነውር የለውም።

ሦስተኛ ዓመት፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ነገ ከጓደኛዬ ጋር እንሄዳለን። ትምህርት ቤት የሰጠንን የግምገማ ቅጽ መቼ ነው የምሰጣቸው?

የሂሳብ ባለሙያ፦
በመጀመሪያው ሳምንት ስጪ። ምን እንደሚገመግምሽ አይቶ ሥራውን በዚያው ልክ ያካፍልሻል። ማህተም ያለው ሰው ማን እንደሆነም ያኔውኑ እወቂ።