ለፍራፍሬ የወፍ መከላከያ መረብ የትኛው ይሻላል?

ጠያቂ፦ ጓሮዬ ያለችው የኮክ ዛፍ ዘንድሮ ደህና ይዛ ነበር፣ ወፎቹ ግን ሳይበስል እየቦረቦሩ ሊጨርሱት ነው። መረብ ልገዛ ነው፣ ቀዳዳው ምን ያህል ይሁን?

መልስ 1፦ ከ5 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ትንሿ ጣትህ ካለፈችበት ተወው። ቀዳዳው ሰፊ፣ ክሩ ቀጭን የሆነው ወፍ ይጠላለፍበታል፤ እኔ አንዷን በመቀስ ቆርጬ ነው ያስለቀቅኳት፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኑንም ማየት አልፈልግም።

መልስ 2፦ ቀዳዳው ብቻ አይደለም ወገን። ዛፉ ላይ ዝም ብለህ ከጣልከው ከውጭ ሆነው በመረቡ በኩል ይለቅሙልሃል፣ ስለዚህ በእንጨት ከፍሬው አርቀህ ወጥረው፣ ጠርዙንም መሬት ላይ በድንጋይ ያዘው። አበባ ላይ እያለ ግን እንዳትሸፍን፣ ንብ ካልገባ ፍሬው ሊቀንስ ይችላል።

ጠያቂ፦ አበባው አልፏል። ነጭ ወይስ ጥቁር?

መልስ 1፦ ነጭ። ወፎቹ ቶሎ ያዩታል።