«ጥናት አይጠጣም»፦ የጎንደር ከተማ የአንገረብ ግድብ ውሃና የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች

የአዘዞ ልጅ፦
ስለ ውሃ በተጠራ የሰፈር ስብሰባ አንድ ሰው ተነስቶ «አንገረብ ሲጠና ልጅ ወልደን ልጅ ዳርን፣ ቧንቧው ግን ዛሬም ደረቅ ነው። ጥናት አይጠጣም» አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ። ጀሪካን ይዞ ሲንከራተት ለሚውል ሰው የዩኒቨርሲቲው የተፋሰስ (ውሃው ወደ ግድቡ የሚወርድበት መሬት) ሥነ ምህዳር ወረቀት ምን ይሠራለታል? ገንዘቡ ጉድጓድ ይቆፈርበት።

ሰብለ ከማራኪ፦
ግድቡ ለምን ውሃ አነሰው ታዲያ? በላዩ ያለው ተዳፋት በየክረምቱ ተጠርጎ እየወረደ ነዋ! ደለል የሚይዘው የውሃውን ቦታ ነው። የላዩ መሬት ካልዳነ አዲስ ግድብም ብትሠራ ይሞላል። በመገጭ ወንዝ ግድብ ላይም የምፈራው ይኸንኑ ነው።

የአዘዞ ልጅ፦
ደለል መሆኑን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም። ሐምሌ ላይ ወንዙን ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ሰብለ ከማራኪ፦
ማየት ሌላ፣ መለካት ሌላ። ብዙው አፈር የሚመጣው ከየትኛው ሸለቆ ነው? ከእርሻው ነው፣ ከቦረቦሩ ነው ወይስ ከመንገድ ቁፋሮው? ገበሬው በየበጋው እርከን ለመሥራት በነፃ ይወጣል። ቦታው በግምት ከተመረጠ ያ ሁሉ ላብ ከንቱ ይቀራል። «አይጠጣም» ብሎ ማስጨብጨብ ቀላል ነው፣ ለዚህ ግን መልስ አይሆንም።

ደንቢያው፦
ደለል በተነሳ ቁጥር ጣታችሁን ገበሬው ላይ ነው የምትቀስሩት። ቀሃና አንገረብ የከተማችሁን ቆሻሻ ተሸክመው መገጭ ይገባሉ፣ መገጭ ደግሞ በእኛ በኩል አድርጎ ጣና። ሽንኩርታችንን የምናጠጣው በእናንተ እጣቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ፣ ያ ጣናን የወረረው አረም፣ መጀመሪያ የታየውስ የት ነበር? ወደ መገጭ አፍ፣ በእኛው ዳርቻ። ውሃ ውስጥ እስከ ደረታችን ገብተን በእጃችን የነቀልነው እኛ ነን።

ከላቦራቶሪው፦
ደንቢያው እውነቱን ነው። የማስተርስ ሥራዬ ቀሃ ላይ ስለሆነ ልናገር። ፎስፈረስ አፈር ላይ ተጣብቆ ይጓዛል፣ ናይትሬት ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይሄዳል። ከማሳም ይመጣሉ፣ ከሽንት ቤትና ከልብስ እጥበትም ይመጣሉ። ሁለቱም የእምቦጭ ቀለብ ናቸው። ስለዚህ የግድቡ ደለልና የጣና አረም የተያያዘ ጉዳይ ነው። ከከተማው በላይ ከወንዙ ድንጋይ አንስታችሁ ገልብጡ፦ ባለ ሦስት ጭራ፣ በጎንና ጎኑ እንደ ላባ የሚርገበገብ መተንፈሻ ያለው ትንሽ እጭ ተጣብቆ ታገኛላችሁ። ይሄ ፍጥረት ኦክስጅን በሌለበት አይኖርም። ከከተማው በታች ግን ጭቃው ውስጥ የቀረው ቀዩ ትል ነው፣ እሱ ትንሽ ኦክስጅን ይበቃዋል።

የአዘዞ ልጅ፦
ሕዝብ ውሃ ጠምቶት እናንተ ትል ትቆጥራላችሁ። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ከላቦራቶሪው፦
እንቆጥራለን፣ ምክንያቱም ማታ የተለቀቀ ፍሳሽ ጠዋት ናሙና ስንቀዳ አልፎ ሄዷል። ድንጋዩ ላይ ያለው እጭ ግን ወራት እዚያው ስለከረመ የደረሰበትን ያሳያል። ደግሞ ጥምቀት ላይ የፋሲል መዋኛን የሚሞላው የቀሃ ውሃ ነው። ልጆቻችን የሚዘሉበት ውሃ ምን እንዳለበት ማወቅ ቅንጦት ነው?

ጡረተኛው ሳኒታሪያን፦
ልጆቼ፣ እኔ የዚህ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፣ ሲነካ አልወድም። እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያን ወባ ፈጃት፣ በዓመቱ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጎንደር ላይ ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒታሪያኑ (የአካባቢ ጤና ባለሙያው) በቡድን ነበር የሚሰማሩት። እኛ ውሃ መርምረን ብቻ አንመለስም፣ ምንጩን አጎልብተን፣ ሽንት ቤቱን አስቆፍረን ነው። በሉ ስሙኝ፣ ጥናቱ ይቀጥል፣ ግን እንደዚያ ይሁን።

የአዘዞ ልጅ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ቢያደርጉማ ማን ይጠላል? እርስዎ ምንጭ አጎለበቱ። የአሁኖቹ ውጤታቸውን የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው፣ የሚያነበውም የውጭ ሰው ነው። ከውሃው የሚቀዳው ሰው መቼ ነው የሚሰማው?

ከላቦራቶሪው፦
ይኼንን እኔም እላለሁ። ለመመረቅ የሚጠየቀው ጽሑፉ ነው እንጂ ቀበሌ ሄዶ ማስረዳቱ አይደለም። ግን ጉድጓድ ይቆፈር ያልከው ራሱ ምርመራ ይፈልጋል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚጠጣ ውሃ 100 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ ኢ-ኮላይ፣ ማለትም ሰገራ ውሃው ውስጥ መግባቱን የሚያሳይ ባክቴሪያ፣ ጭራሽ መገኘት የለበትም። ሽንት ቤት አጠገብ የተቆፈረ ጉድጓድ ጥርት ብሎ እያየኸው ሊያሳምምህ ይችላል።

የአዘዞ ልጅ፦
እኮ! የትኛው ጉድጓድ እንደሚያሳምም ካወቃችሁ ጉድጓዱ ላይ በአማርኛ ለጥፉልን።

ሰብለ ከማራኪ፦
ባለጉድጓዱ ይቀደዋል። ይህ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው፣ የተማሪ አይደለም።

የአዘዞ ልጅ፦
በቃ፣ አሁን ደግሞ ወደ ማዘጋጃ ቤት ገፋችሁት።

የብልኮ ሰው፦
ከግድቡ በላይ ስላለው ባሕር ዛፍ ማንም ትንፍሽ አላለም። ውሃውን ይመጥጣል፣ ቅጠሉ ደግሞ ለማገዶ ስለሚጠረግ ሥሩ ያለው አፈር ራቁቱን ይቀራል። እሱ ይነቀል!

ደንቢያው፦
የብልኮው፣ ልጁን ባሕር ዛፍ ሸጦ ለሚያስተምረው ሰው በምትኩ ምን ልትሰጠው ነው? መጀመሪያ እሱን ንገረን።