አምስት ነጭ ወታደሮች በአንድ ዓምድ ላይ፦ በሕጋዊ ጨዋታ ይደረስበታል?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ከዛፍ ጥላ ሥር ቼዝ ለሚጫወቱ ታዳጊዎች እንቆቅልሽ እያዘጋጀሁ አንድ አሰላለፍ ላይ ቆሜያለሁ። ነጮቹ ወታደሮች (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል) ኤ2፣ ኤ3፣ ኤ4፣ ኤ5፣ ኤ6፣ ኤፍ2፣ ጂ2 እና ኤች2 ላይ ናቸው (ኤ6 ላይ የተቀመጠው፣ ጠጠር ስለጎደለን፣ የለስላሳ ቆርኪ ነው)። ለጥቁር የቀሩት ንጉሡና ዲ7፣ ኢ7፣ ኤፍ7፣ ጂ7 እና ኤች7 ላይ ያሉት 5 ወታደሮች ብቻ ናቸው።

ወታደር ዓምድ የሚቀይረው ሌላ ጠጠር ሲበላ ብቻ ስለሆነ፣ ከቢ የመጣው 1፣ ከሲ 2፣ ከዲ 3፣ ከኢ 4 ጊዜ፣ በድምሩ 10 ጊዜ መብላት አለባቸው፤ ከጥቁር የጎደሉትም ልክ 10 ናቸው። ቁጥሩ ቢገጥምም፣ ኢ7 እና ጂ7 ካልተነቃነቁ የኤፍ8 ጳጳስ ከቤቱ መውጣት ስለማይችል እዚያው በሌላ ጠጠር መበላቱ ግድ ነው፤ ለወታደሮቹ የሚተርፈው 9 ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ የጂ7ን ወታደር ወደ ጂ6 ገፋሁት። ነጮቹ በሰያፍ ብቻ ስለተጓዙ 6ቱ መብላት በነጭ ቤት፣ 4ቱ በጥቁር ቤት ላይ ይውላል፤ ለሁለቱም ጳጳሳት ቦታ አለ፤ የጎደሉት የኤ፣ የቢ እና የሲ ወታደሮችም በየዓምዳቸው ሊበሉ ይችላሉ። ሆኖም እርምጃዎቹን ከመጀመሪያው አሰላለፍ ጀምሬ በተራ ስጽፍ፣ የኤች8 ግንብ ከንጉሡ ጀርባ ወጥቶ ለወታደር የሚደርስበት ቅደም ተከተል አልገጠመልኝም። ጂ6 ላይ ያለው ወታደር አሰላለፉን ሕጋዊ ለማድረግ በቂ ነው ወይስ ሌላ እንቅፋት አለ?