ሮታሪ ሞተር እራሳችን በምንሰራው ትንሽ አውሮፕላን ላይ ይሆናል ወይ? (ደብረ ማርቆስ)

ጨሞጋ፦ ሰላም ወገን፣ ከጓደኞቼ ጋር ሁለት ሰው የሚይዝ አውሮፕላን እየሰራን ነው፣ አካሉ ሊያልቅ ነው ሞተር ግን ገና። ባህር ዳር ከተጋጨ ማዝዳ አርኤክስ-8 የወረደ ሮታሪ አገኘን። ፒስተን የለው ቫልቭ የለው፣ ቀላል ነው፣ ቶሎ አይነክስም (ተጣብቆ አይቆምም) ይሉናል። እንግዛው ወይስ ይቅርብን?

አባይ ማዶ ጋራዥ፦ ሳትገዙ ኮምፕሬሽኑን ለኩት። የታችኛዋን ካንዴላ ፈትታችሁ መለኪያውን አስገቡ፣ ግን መለኪያው ውስጥ አየር የምትይዘዋን ትንሽ ቫልቭ አውጧት አለበለዚያ ትልቁን ቁጥር ይዞ ይቀራል። በሞተሪኖ ስታዞሩት መርፌዋ ሶስት ሶስት ጊዜ እኩል መዝለል አለባት፣ ሮተሩ (ውስጡ የሚዞረው ሶስት ማዕዘን ብረት) ሶስት ፊት ነዋ ያለው። አንዷም ዝላይ ብትሆን ደከም ካለች የሮተሩ ማኅተም (እንደ ፒስተን ፋሻ በሉት) አልቋል፣ ተዉት።

ወንድም ጋሼ ከቡሬ፦ ቀላል የሚሉህ ባዶውን አይተው ነው ወንድሜ። ራዲያተሩ፣ ውሃው፣ የዘይት ማቀዝቀዣው፣ መቀነሻ ጊሩ ሲጨመር ከላይኮሚንግ 360 (ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ከተለመደው የፒስተን ሞተር) ብዙም አይቀልም። ጊሩ ደግሞ ግዴታ ነው፣ ሞተሩ ጉልበት የሚሰጠው በደቂቃ ከ6,000 ዙር በላይ ነው ፕሮፔለር ግን 2,700 አካባቢ ነው የሚፈልገው፣ እሱን እዚህ ቶርኖ ቤት አሰራለሁ ብለህ እንዳታስብ፣ ጥርሱ ከተሰበረ ሞተሩ ደህና ሆኖ አንተ ትወርዳለህ።

ጨሞጋ፦ እሺ ጋሼ፣ ወረቀቱ ግን 230 ፈረስ ጉልበት ይላል፣ አይተርፈንም?

ወንድም ጋሼ ከቡሬ፦ እሱ 8,000 ዙር ካለፈ በኋላ፣ ያውም ባህር ጠለል ላይ የሚገኝ ነው። እናንተ 2,400 ሜትር ላይ ናችሁ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ጉልበቱን ሩብ ገደማ ያጣል፣ ክንፉም በሳሳ አየር ስለሚሰራ መንደርደሪያው ይረዝማል። ሒሳቡን በማርቆስ አየር አውጡት።

ጣና፦ እኔን የሚያስፈራኝ ሙቀቱ ነው። ከሚቀዘቅዘው ሙቀት ሲሶው የሚወጣው በዘይቱ ነው፣ ስለዚህ የዘይት ማቀዝቀዣው አነስተኛ ከሆነ ራዲያተር ብታተልቁም አያድናችሁም። የጭሱም ሙቀት ከባድ ነው ተራ ማርሚታ ውስጡ ይፈርሳል፣ እና ቧንቧው ቤንዚን መስመሩ አጠገብ እንዳያልፍ በእግዚአብሔር። ጥሩ ጎኑንም ልንገራችሁ፣ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ቀስ እያለ ነው የሚደክመው፣ እንደ ፒስተን ሞተር ቢሌላ (የፒስተኑን ክንድ) ወርውሮ ቀጥ አይልም። ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ ከፈነዳ ግን ማኅተሙን ይሰብረዋል፣ ካንዴላ ማቀጣጠያ ሰዓቱን አታፋጥኑ። ከመብረራችሁ በፊት ደግሞ ሲቪል አቪዬሽን ሂዱ፣ መሬት ላይ አስራችሁ በሙሉ ጋዝ ለረጅም ሰዓት ሳትፈትኑትም አትነሱ።

ጨሞጋ፦ ተባረኩ። ቅዳሜ ባህር ዳር ወርደን እንለካዋለን፣ ሶስቱም ዝላይ እኩል ከሆነ የዘይት ማቀዝቀዣውን አብሮ እንዲሰጠን እንከራከራለን፣ ጊሩን ግን ከውጭ እስክናገኝ ብሩን አናወጣም።