ጀልባ እየጎተቱ ሐዋሳ ድረስ፦ ሸራው ይኑር ወይስ ይነሳ?

የሜክሲኮ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሜክሲኮ አካባቢ ግቢ ውስጥ የቆመ የፋይበር ግላስ ጀልባ አለኝ። 5 ሜትር ገደማ ነው፣ ሞተሩ ከኋላ የሚንጠለጠል ዓይነት። በሚቀጥለው ሳምንት በፒክአፕ እየጎተትኩ ሐዋሳ ላደርሰው ነው፣ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከጅቡቲ ሲመጣ በነጭ ፕላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ተጠቅልሎ ነበር፣ ለፍተሻ ተብሎ ተቀደደና አሁን የቀረኝ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እንዳይመታው የምደፋበት ሰማያዊ ሸራ ብቻ ነው። ሾፌሩ «አልብሰው፣ አቧራ ይጨርሰዋል» ይላል። ወንድሜ ደግሞ «ንፋስ ይገነጥለዋል፣ ራቁቱን ይሂድ» ባይ ነው። ሁለቱም በሕይወታቸው ጀልባ ጎትተው አያውቁም። ክረምቱም ገብቷል። ምን ትላላችሁ?

ቃሊቲ መውጫ፦
ብሮ፣ ያ ሰማያዊ ሸራ ለቆመ ጀልባ እሺ፣ ለሚሮጥ ግን አይሆንም። ገመዱን የሚይዙት ዳር ዳሩ ላይ ያሉት ቀለበቶች ብቻ ናቸው። ንፋስ ከፊት ሲገባበት ይነፋና አንዱን ቀለበት ይነቅላል፣ ከዚያ የላላው ጫፍ እስክትቆም ድረስ የጀልባውን ጎን ሲገርፈው ይውላል። እንደዚያ የመጣ ጀልባ አይቻለሁ፣ አፍንጫው አጠገብ መዳፍ የሚያክል ቦታ ብርሃኑ ጠፍቶ በጣት ሲነካ ይሻክራል። ደግሞ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የንፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። በ60 ዝም ያለ ሸራ ፍጥነት መንገዱ ላይ በ120 ሌላ ጉድ ነው (ጀልባ እየጎተትክ 120 ከነዳህማ ችግርህ ሸራው አይደለም)። እኔ ብሆን ራቁቱን እወስደዋለሁ። አቧራው በውሃ ይሄዳል፣ ጭረቱ ግን ማሽን ይፈልጋል።

ሸራ ሰፊው፦
ስለ ሰማያዊው ሸራ የተባለው ልክ ነው። ራቁቱን ይሂድ የሚለው ላይ ግን አልስማማም። በዚህ ወቅት ባቱን አልፈህ ዝናብ ከያዘህ ወንበሩ ስፖንጅ ነው፣ ውሃውን ይጠጣና ሐዋሳ ደርሰህ ይሻግታል። መርካቶ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ ጋ ሂድ። ወፍራሙን የአይሱዙ ሸራ ምረጥ። ጀልባውን ይዘህ መሄድ የለብህም፣ ልኬቱን ውሰድ፦ ከአፍንጫ እስከ ኋላ፣ ሰፊው ቦታ ላይ ከጠርዝ ጠርዝ፣ የመስታወቱ ቁመት። ሸራው ከጀልባው ጠርዝ ወደ ታች አንድ ስንዝር ይውረድ፣ ዙሪያውን ገመድ የሚያልፍበት እጥፋት ይሰፋለት። ገመዱ ሲሳብ ጠርዙ ሥር ጨብጦ ይይዛል፣ ለንፋስ መግቢያ አይሰጥም። ከዚያ ላይ ቀበቶ ጨምር፣ ከተሳቢው ብረት ጋር የሚታሰር። ቀበቶው ጠፍጣፋ ከሆነ አንድ ዙር ጠምዝዘህ እሰረው፣ ቀጥ ብሎ ከታሰረ በንፋስ እየተንቀጠቀጠ ይጮሃል፣ የነካውንም ይፍቀዋል። መስታወቱ ጥግና ሹል ነገር ያለበት ሁሉ ከሸራው ሥር አሮጌ ፎጣ አድርግ። ደግሞ ከማልበስህ በፊት እጠበውና አድርቀው፤ ግቢ ውስጥ የጠጣው አቧራ መሀል ላይ ከቀረ ብርጭቆ ወረቀት አልብሰኸው እንደመሄድ ነው።

የሐይቅ ዳሯ፦
ወንዶች ሸራው ላይ ተረባረባችሁ፣ ከሥሩ ያለውን ማንም አላነሳ። ሸራ ዕቃ አይይዝም! የተንሳፋፊ ጃኬቱን፣ ትራሱን፣ መልህቁን፣ የሚነሳውን ሁሉ አውጥተህ ፒክአፑ ላይ ጫን። ከኋላ በታች ያለውን የውሃ ማፍሰሻ ቡሽ አውልቀው፣ ዝናብ ከገባ እዚያ ይውጣ፣ አለበለዚያ ያ ሁሉ ውሃ ተሳቢው ላይ ክብደት ነው። (ሐይቁ ውስጥ ከመክተትህ በፊት መልሰው፣ አደራ!) ሞተሩ የራሱ የጨርቅ ልብስ ካለው ለመንገድ አውልቅለት፣ እሱም ይራገባል። ተሳቢው ደግሞ ቆሞ የከረመ ከሆነ ኩሽኔታውን አስፈትተህ ግራሶ አስሞላ፣ ሞጆ ላይ ቆመህ የጎማውን መሀል በእጅህ ቅረበው፣ የሚያቃጥል ከሆነ አትቀጥል። ላንጋኖ አካባቢ የጎን ንፋስ አለ፣ እዚያ ቀስ በል።

የሜክሲኮ ልጅ፦
ኧረ ተባረኩ! ነገ ሰፊ ጋ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ቀረ፦ ላዩ ላይ የሚዘረጋ የፀሐይ ጥላ አለው፣ ብረቱ ይታጠፋል። ታጥፎ ሸራው ሥር ይግባ?

ሸራ ሰፊው፦
ፍታው። ታጥፎም ቢሆን ብረቱ ሸራውን ከሥር እየገፋ ይበሳዋል፣ ውጭ ከቀረ ደግሞ ሲንቋቋ ይሄዳል። ጥቂት ቡሎን ነው፣ ፈትተህ ወለሉ ላይ አስተኝተህ እሰረው። ደግሞ አዲስ የታሰረ ቀበቶ መላላቱ አይቀርም። ቱሉ ዲምቱ ፍጥነት መንገዱ ከመግባትህ በፊት ዳር ይዘህ ዙሪያውን ዞረህ አጥብቅ፣ ከዚያም በቆምክበት ሁሉ።

ቃሊቲ መውጫ፦
በልክ የተሰፋ ከሆነ እኔም ተስማምቻለሁ። ሰፊው «ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና» ካለህ ግን ሰማያዊውን እንዳታለብሰው። ወንበሩ የሚፈታ ከሆነ ፍታና ፒክአፑ ላይ በላስቲክ ጠቅልለህ ጫን፣ ጀልባው ራሱ ዝናብ አይፈራም።