የዶክተር ጆንሰን ኑዛዜ፦ ለማን ምን ደረሰው? ፍጠኑልኝ!

ሰሊ፦ ሰላም ቤተሰብ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ክላስ ውስጥ አቀርባለሁ፣ ፍላሼ አልከፈትም አለ። የሳሙኤል ጆንሰን ኑዛዜ ነው፤ ዘመዶቹን ከውርስ ነቅሎ ንብረቱን ሁሉ ለጥቁር አገልጋዩ የተወበት። ለማን ስንት እንደሰጠ ብቻ ንገሩኝ፣ በናታችሁ!

አቢ፦ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሪው። ፎርማት ይደረግ ካለሽ እሺ እንዳትዪ።

ጋሽ መዝገቡ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ሰውየውን እወቂ። ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ1755 ያወጣ ሊቅ ነው (ዓመቱ በፈረንጅ ነው)። ገና በወጣትነቱ አንድ ፖርቱጋላዊ የካቶሊክ ቄስ ስለ አገራችን የጻፈውን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ተርጉሟል። በ1759 ደግሞ የእናቱን የቀብር ወጪ ለመሸፈን ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል ልብ ወለድ ጻፈ። ይሄን ሳታነሺ እንዳታቀርቢ።

ሰሊ፦ እሺ ጋሼ፣ ግን ክፍፍሉ?

ጠበቃው፦ ቆይ፣ «ዘመዶቹን ከውርስ ነቅሎ» ያልሽው ልክ አይደለም። ልጅ አልነበረውም፣ ሚስቱም በ1752 ሞታለች። እንግሊዝ ውስጥ ሊችፊልድ ከተማ ያለው ቤቱ ተሽጦ ገንዘቡ ለአራት ዘመዶቹ እኩል እንዲከፋፈል ነው የተናዘዘው። ታዲያ ማንን ነው የነቀለው?

ዳኒ፦ ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ አየሽው?

ሚሚ፦ ሰሊዬ፣ እኔ ጋ ያለው ይኸውልሽ። ኑዛዜው ዲሴምበር 8 ቀን 1784 ተጻፈ፣ በማግስቱ ተጨመረበት፣ በ13 ሞተ። ለአገልጋዩ ለፍራንሲስ ባርበር ዕድሜ ልኩን በዓመት 70 ፓውንድ፤ ከዚያ ውጭ የተረፈው ገንዘብ፣ መጻሕፍቱ፣ የብር ዕቃውና የቤት ዕቃውም ለሱ ጥቅም እንዲውል። ለሴት ሠራተኛው የ100 ፓውንድ የመንግሥት ቦንድ። ለአንድ ሟች መጽሐፍ ነጋዴ ወራሾች 200 ፓውንድ፣ ነጋዴው ለጆንሰን አባት በችግሩ ጊዜ ደርሶለት ነበርና። ሠዓሊው ሬይኖልድስ የጆንሰንን የራሱን መዝገበ ቃላት ወሰደ። ታሪኩን የጻፈለት ቦዝዌል ግን ስሙም አልተነሳ።

ቶማ፦ ቦዝዌል ያን ሁሉ ጽፎ ባዶ እጁን? እኔ ብሆን ብዕሬን እሰብር ነበር 😂

ሚሚ፦ አንድ ነገር ረሳሁ። ጆንሰን ሐኪሙን «ለታማኝ አገልጋይ ስንት ይተዋል?» ብሎ ጠየቀው። «መኳንንት እንኳ በዓመት 50 ፓውንድ ቢተው በቂ ነው» አለው። «እንግዲያው እኔ ከመኳንንትም እበልጣለሁ፣ 70 ነው የምተውለት» አለ።

ሰሊ፦ ኧረ ተባረኪልኝ! ፍላሹ ሌላውም ላይ እምቢ ብሏል፣ እንደ አዲስ እየጻፍኩ ነው። ባርበር በመጨረሻ ምን ሆነ?

ጠበቃው፦ ወደ ሊችፊልድ ሄደ፣ ኋላም ትምህርት ቤት ከፈተ። ገንዘቡ ግን አልበረከተለትም፣ የጆንሰንን ዕቃዎች እስከመሸጥ ደርሷል። በ1801 በድህነት ሞተ። ከኑዛዜው አስፈጻሚዎች አንዱ ሆኪንስ ደግሞ ስጦታውን ለታይታ ነው ብሎ በጽሑፍ ነቅፎታል። እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ጋሽ መዝገቡ፦ ይሄንንም ጨምሪበት። ባርበር ጃማይካ ውስጥ በባርነት ነው የተወለደው። ወደ እንግሊዝ ያመጣው ኮሎኔልም ሲሞት በኑዛዜው ነፃነቱንና 12 ፓውንድ ትቶለታል።

አቢ፦ ሰሊ፣ አሁን የምትጽፊውን ለራስሽ በኢሜይል ላኪው። ፍላሹን ነገ አምጪልኝና አየዋለሁ።