ደጋግሞ የሚላላ የግራ ፔዳል ክንድ

ብስክሌቴ ርካሽ የአሉሚኒየም ፍሬም አላት። ሁለቱን የፔዳል ክንዶች የሚያገናኘው አክስል ጫፉ አራት ማዕዘን የሆነ ብረት ሲሆን ክንዶቹ አሉሚኒየም ናቸው። ዳገት ላይ ቆሜ ስረግጥ የግራው ክንድ እየላላ ይንቋቋል፤ ቀኙ ደህና ነው። ፈትቼ የአክስሉን ጫፍና የክንዱን ቀዳዳ ከቅባት አጸዳሁ፤ የ8 ሚሊ ሜትሩን ብሎን በመለኪያ ቁልፍ በ40 ኒውተን ሜትር አጠበቅሁት። ብዙም ሳይቆይ መንቋቋቱ ተመለሰ።

የቀዳዳው ማዕዘኖች ተበልተው ክብ ወደ መሆን ሄደዋል፤ ክንዱም ከበፊቱ ጠልቆ ስለሚገባ ብሎኑ ክንዱን ሳይሆን የአክስሉን ጫፍ ይጫናል። ስለዚህ ከዚህ በላይ ማጥበቅ ዋጋ የለውም። አክስሉ ግን በዓይን ሲታይ ማዕዘኑ ስል ነው፣ ኩሽኔታውም ሳይወዛወዝ ይዞራል።

ባለ 170 ሚሊ ሜትር የግራ ክንድ ብቻ ብቀይር ይበቃል፣ ወይስ አሮጌው አክስል አዲሱንም ክንድ ይበላዋል?